ማን ያነሳልሃል?

ቤቱ ውስጥ ብቻውን ብረት የሚገፋ ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ ቤንች ላይ ተንጋለህ፣ ለስምንተኛ ጊዜ ስትገፋ ክንድህ «በቃኝ» ሲልህ፣ ባሩን ከደረትህ ላይ ማን ያነሳልሃል? ስፖርት ቤት ከሆንክ «ያዝልኝ!» ትላለህ፤ አጠገብህ ያለው ጎረምሳ ራሱን በመስታወት አይቶ ከጠገበ ይይዝልሃል። ቤትህ ስትሆን ግን ሚስትህ ገበያ ናት፣ ልጅህ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፣ ድመቷ ደግሞ አንተን ለማዳን የፈረመችው ውል የለም።

ፓወር ራክ የሚባለው ነገር የተሠራው ለዚህች ደቂቃ ነው። አራት ቋሚ ብረት፣ ላይና ታች የሚያያይዟቸው አግዳሚዎች፣ ባሩ የሚቀመጥባቸው ሁለት ማንጠልጠያዎች፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ከፊት ወደ ኋላ የሚሻገሩ፣ ስፖርተኛው «ሴፍቲ» የሚላቸው ሁለት ዘንጎች አሉት። እጅህ ሲከዳህ ባሩ የሚያርፈው እነዚህ ዘንጎች ላይ ነው። ራክ ስትገዛ የምትገዛው እነሱን ነው፤ ሌላው ብረት ሁሉ እነሱን ለማቆም የመጣ አጃቢ ነው።

ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ አዲስ አበባ ውስጥ «ራክ ልገዛ ነው» ያለ ሰው መካሪ አያጣም። ሻጩ ይመክራል፣ በያጁ ይመክራል፣ የታች ፎቅ ጎረቤት ትመክራለች፣ ሜሪላንድ ያለው ዘመድ በቪዲዮ ይመክራል። ያሉኝን ከነመልሱ እነሆ።

ሻጩ ሱቁ ውስጥ አንድ ቀይና አንድ ጥቁር ራክ አቁሟል። ቀዩን እየደባበሰ «ወንድሜ፣ የዚህ ብረት ጌጁ 14 ነው፤ የጥቁሩ 11። ፍርዱን ላንተ ትቻለሁ» አለኝ።

«ጥቁሩን ስጠኝ።»

«14 እኮ ይበልጣል!»

«አዎ፣ በመሳሳት ይበልጣል።»

በአሜሪካኖች የጌጅ አለካክ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብረቱ ይሳሳል። 14 የተባለው 1.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 12 ወደ 2.7፣ 11 ወደ 3፣ ከነዚህ ሁሉ ወፍራም የሆነው 7 ደግሞ ወደ 4.5 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ትልቅ ቁጥር ሰምቶ የሚደሰት ገዢ ስሱን ብረት በወፍራም ዋጋ አሸክመው ይሸኙታል። ስለዚህ ጌጁን እርሳውና «ስንት ሚሊ ነው?» በለው። «እሱን አላውቅም» ካለህ የሚሸጥልህ ራኩን ሳይሆን ቀለሙን ነው።

ሻጭ በአንድ መልስ እጅ አይሰጥም። «ይሁና! ግን ይሄ 450 ኪሎ ይችላል» አለ።

«እኔስ ስንት የምችል ይመስልሃል?»

ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ ለንግዱ ሲል አሥር ጨምሮ፣ «ሰማንያ?» አለ።

«እንግዲያው የማልጠቀምበትን 370 ኪሎ ከሂሳቡ ላይ ቀንስልኝ።»

የተለጠፈው ኪሎ ብዙ ጊዜ የሚናገረው በዝግታ ስለተቀመጠ ክብደት ነው። ክንድህ ሲከዳህ ግን ባሩ በዝግታ አይቀመጥም። መጠየቅ ያለብህ ሴፍቲው ከምን እንደተሠራና ማንጠልጠያው በምን እንደተያዘ ነው። ቋሚውን ይዘህ ነቅነቅ አድርገው። 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስስ ቋሚ ባሩን በመለስክ ቁጥር ይወዛወዛል፤ 5 በ7.5 ሆኖ ውፍረቱ 3 ሚሊ ከሆነ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። 7.5 በ7.5 የሆነውን ግዙፉን አልነቅፍም፤ ግን መቶ ኪሎ ሳይደርስ እሱን የገዛ ሰው ለእንግዳ የሚያሳየው ነገር ፈልጎ ነው።

«ታዲያ ስሚዝ ማሽን ልስጥህ፤ ባሩ ሀዲድ ላይ ስለሚሄድ አይወድቅብህም» አለ።

«ሀዲድ ላይ መሄድ ሲያምረኝ ከአያት ቀላል ባቡር እሳፈራለሁ።»

ስሚዝ ማሽን ክፉ ነገር አይደለም፤ ባሩን በተሰመረለት መስመር ብቻ ስለሚያስኬደው ግን ሚዛን የመጠበቁን ሥራ ካንተ ይነጥቅሃል። ነፃ ባር ለማንሳት የሚፈልግ ሰው ሌላ ነገር ተምሮ ይወጣል።

በመጨረሻ ሻጩ ያቆያትን ካርድ መዘዘ። «እውነቱን ልንገርህ? ይሄን ራክ የገዛ ሁሉ በሦስት ወሩ ሌላ ሰው ሆኗል። የሚያጎለብተው ራሱ ራኩ ነው!»

ይህን ከሱ በፊት ብሎ የከበረ ሰው አለ። በፈረንጆች 1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ዮርክ በምትባል ከተማ፣ ቦብ ሆፍማን የዮርክ ባርቤል ባለቤት ነበር፤ የራሱ መጽሔትም ነበረው። ጆን ዚግለር ከሚባል ሐኪም ጋር ሆነው አንድ ልምምድ አስተዋወቁ፦ ራክ ውስጥ ትገባለህ፣ የማይነቃነቅ ባር ትይዛለህ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ባለ በሌለ ኃይልህ ትገፋለህ። ቢል ማርችና ሉዊ ሪኪ የተባሉ ክብደት አንሺዎች በዚህ ልምምድ ጉልበታቸው ተመነደገ ተባለ፤ መጽሔቱ ጻፈ፣ ሰዉ ራክ ፈለገ፣ ሆፍማንም ሸጠ። መጽሔቱ ያልጻፈው ግን ዚግለር ለነዚሁ ሰዎች ዳያናቦል ይሰጣቸው እንደነበረ ነው፤ ሲባ የተባለው ኩባንያ በ1958 ለገበያ ያቀረበውን የስቴሮይድ ክኒን። ምስጋናውን ብረቱ ወሰደ፣ ሥራውን ክኒኑ ሠራ።

«ስለዚህ ወንድሜ» አልኩት «ራኩ የሚያጎለብት ከሆነ ክኒኑን የደበቀበትን ኪስ አሳየኝ።» ሌላ ደንበኛ ሲገባ አይቶ ተገላገለኝ።

ከሱቅ ያልተስማማ ሰው በያጅ ጋ ይሄዳል። ነውር የለውም፤ አገር ቤት ብዙ ደረት የተገፋው በያጅ በሠራው ብረት ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ አካባቢ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ጋ ሄጄ ፎቶውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል አድርገው አዩና «ይሄማ አልጋ ነው ልጄ፤ ቆሟል እንጂ» አሉ።

«ልክ ነዎት ጋሼ፤ በደንብ ካልተበየደ ግን የተኛበት ሰው አይነሳም።»

«ስፋቱን አንድ ሜትር ተኩል ላድርግልህ፤ ትንፋሽ ታገኛለህ።»

«እኔ ትንፋሽ አገኛለሁ፤ ባሩ ግን ማረፊያ ያጣል።»

ጋሼ ሜትራቸውን ዘርግተው ጠበቁኝ። የወንዶች የኦሎምፒክ ባር ርዝመቱ 2.20 ሜትር፣ ክብደቱ 20 ኪሎ ነው፤ የሴቶቹ 2.01 ሜትርና 15 ኪሎ። በሁለቱም ላይ ግን ዲስክ ከሚገባበት ወፍራም ጫፍ እስከ ጫፍ ያለው መሃል ቤት እኩል 1.31 ሜትር ነው። ማንጠልጠያዎቹ ከዚያ ውስጥ መውደቅ አለባቸው፤ ዲስኩም ቋሚውን መግጨት የለበትም። ስለዚህ የራኩ የውጭ ስፋት 1.20 አካባቢ ሲሆን ያምራል፤ ከ1.25 ካለፈ ባሩን በመለስክ ቁጥር እጅህ ሊንቀጠቀጥ ነው። በርካሽ የሚገኘው የ1.50 ሜትር ባር መሃል ቤቱ አጭር ስለሆነ እዚህ ራክ ላይ ጨርሶ ላያርፍ ይችላል። በያጅ ጋ ስትሄድ ፎቶ ሳይሆን ባሩን ራሱን ተሸክመህ ሂድ።

«ቀዳዳውን በስንት በስንት ልብሳው?» አሉ ጋሼ።

«ቤንች የሚሠራበት ቦታ ላይ በየ2.5 ሴንቲ።»

«ፑንታዬን ልትጨርስብኝ ነው?»

«የእርስዎ ፑንታ ይለቅ ጋሼ፤ የኔ አንገት ይትረፍ።»

እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላቆየው። አብዛኛው ራክ ቀዳዳው በየ5 ሴንቲ ሜትር ነው። ለስኳት ይህ በቂ ነው። ቤንች ላይ ግን 5 ሴንቲ ሜትር ትልቅ ርቀት ነው፦ ሴፍቲውን አንድ ቀዳዳ ከፍ ብታደርገው ባሩ ደረትህን ሳይነካ እሱን ይነካል፤ አንድ ቀዳዳ ዝቅ ብታደርገው ደግሞ ሲከዳህ ባሩ አንተ ላይ ቀርቶ ሴፍቲው ከታች ሆኖ ይታዘብሃል። መፍትሔው ከአንድ ብረት ቤት ጋር ይያያዛል፦ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ ዌስትሳይድ ባርቤል የሚባለውን ስመ ጥር የብረት ቤት ያቋቋመው፣ በፈረንጆች 2022 ያረፈው ሉዊ ሲመንስ ነው። ቤንች በሚሠራበት ከፍታ ላይ በየ2.5 ሴንቲ የሚበሳው አሠራር ዛሬም ድረስ በዚያ ብረት ቤት ስም ይጠራል። ከዚያ ቦታ በላይና በታች በየ5 ቢሆን የሚጎዳ ነገር የለም፤ የጋሼም ፑንታ ያርፋል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ባዶውን ባር ይዘህ ቤንቹ ላይ ተኛ። እንደምትገፋው ሁሉ ደረትህን ንፋ፣ ወገብህን ቀስት አድርግ። ባሩ ደረትህን ሲነካ ሴፍቲው ከባሩ በጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይገኝ። አሁን ተንፍስና ጀርባህን አስተኛ፤ ባሩ ሴፍቲው ላይ ቀርቶ አንተ ከሥሩ መውጣት አለብህ። ቀጥሎ ባሩን ሴፍቲው ላይ እያንከባለልክ ወደ አንገትህ አምጣው። ጉሮሮህን ከነካ ቁመቱ ልክ አይደለም፤ ወይ ቤንቹን ወይ ሴፍቲውን ቀይር። ይህን ሳትሠራ ዲስክ ያስገባህ እንደሆነ ራክ አለኝ አትበል።

«ሴፍቲውን ከ12 ፌሮ ላውጣልህ?» አሉ ጋሼ፣ ቆሻሻ መሃል የወደቀ ቁራጭ በዓይናቸው እየፈለጉ።

«ፌሮ ይጎብጥብኛል ጋሼ።»

«ፌሮ እኮ ፎቅ ያቆማል!»

«ፎቁ ሲሚንቶ አቅፎት ነው። እኔን ማን ያቅፈኛል?»

ወፍራም ቱቦ፣ ውስጡ ድፍን ዘንግ ያለው፣ ጫፉ ላይ እንዳይወጣ የሚይዘው ነገር የተበየደለት፤ በዚህ ተስማማን። «በል፣ ሁሉንም በይጄ ሙሉውን አስረክብሃለሁ» ሲሉም «1.20 ስፋት ያለው ብረት በ80 ሴንቲ በር እንዴት ይገባል?» አልኳቸው። ሳቁና ቡሎንና ዳዶ ልጁን እንዲገዛ ላኩት።

ቀለሙን አትጠይቁኝ። ዝገት ይከልክል እንጂ ምንም ይሁን። የኬብል ማያያዣውን፣ ጎን የሚሰካውን፣ ጀርባ የሚንጠለጠለውን ተጨማሪ ዕቃም ቢሆን ሴፍቲውን ጨርሰህ ገንዘብ ከተረፈህ ታየዋለህ። ሁለት ቋሚ ብቻ ያለውና ሴፍቲ የሌለው ስኳት ስታንድ ግን ባሩን ሲያስቀምጥልህ እንጂ ሲወድቅብህ የለም።

ወሬው ከኔ በፊት ኮንዶሚኒየሙ ደርሶ ኖሮ የታች ፎቅ እትዬ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። «አንተ ልጅ፣ ብረት ልታስገባ ነው አሉ። ጣሪያዬን ሰብሮ ቢወርድስ?»

«ከወረደ እትዬ፣ እርስዎም በነፃ ስፖርት ይሠራሉ።»

«ወገቤን ነው የምሠራው!»

እትዬ እውነት አላቸው። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲነደፍ በተለምዶ የሚታሰብለት ጭነት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ነው። ራኩ መቶ፣ ባሩ ከነዲስኩ መቶ ሃያ፣ አንተ ሰማንያ ብትሆን ሦስት መቶ ኪሎ አንድ ጥግ ላይ አለ ማለት ነው። የቀረው ክፍል ባዶ ከሆነና ራኩ ወደ ግድግዳው ከተጠጋ ቆሞ የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም፤ ለጥንቃቄ ግን የሕንፃ ባለሙያ ጠይቅ። የሚያስጨንቀው የሚጣለው ብረት ነው። ከሥሩ ጣውላ፣ ከጣውላው ላይ ወፍራም የጎማ ንጣፍ አንጥፍ። ከብረት ዘንግ ይልቅ ሰፊ ጠንካራ ማሰሪያ የሚመስለው የናይለን ሴፍቲ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው የተሻለ ነው፤ ባሩን ያለ ጩኸት ይቀበላል። ከዚያም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ብረት የሚጥል ሰው ጎረቤቱ ቢረግመው እኔ አሜን ከሚሉት ወገን ነኝ።

«ድሮስ ሰው ያለዚህ ብረት አይጠነክርም ነበር?» አሉ እትዬ።

«ይጠነክር ነበር። ቶኮዋ፣ ጆርጂያ ውስጥ ፖል አንደርሰን የሚባል ሰው ነበር። ጉድጓድ ቆፍሮ ባሩን ጉድጓዱ አፍ ላይ ያጋድመዋል፣ እሱ ውስጥ ገብቶ በትከሻው ያነሳዋል። ከቀን ቀን አፈር እየመለሰ ጉድጓዱን ሲያሳንሰው የሚጎነበሰው እየጨመረ ይሄዳል። በፈረንጆች 1956 ሜልበርን ኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ።»

«አየህ! ብረት ሳይገዛ!»

«እኔ ግን አራተኛ ፎቅ ነኝ እትዬ። ልቆፍር?»

ወደ ጣሪያቸው ቀና አሉ። «በል፣ ብረትህን ግዛ።»

ሜሪላንድ ያለው ዘመዴ ደግሞ ደውሎ «ስመጣ ከዚህ ላምጣልህ?» አለ።

«ሁለት ሻንጣህ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ ነው። ቋሚው ብቻ 2.13 ሜትር ይረዝማል። ብረቱን ከላክ አንተ በምን ትመጣለህ?»

«እሱስ ልክ ነው። የኔን ግን ቤዝመንት ውስጥ ገጥሜ ጨርሻለሁ» ብሎ ስልኩን አዞረው። ራኩ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

«ለምን አላቆምከውም?»

«ነገ አቆመዋለሁ። ጣሪያው 2.40 ነው፤ ራኩ 2.13። ሃያ ሰባት ሴንቲ ይተርፈኛል!»

«ጥልቀቱስ?»

«1.20።»

«አይቆምልህም።»

የተጋደመ ነገር ሲነሳ ጣሪያውን የሚነካው በቁመቱ ሳይሆን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ባለው ርዝመቱ ነው። 2.13 ቁመትና 1.20 ጥልቀት ያለው ራክ ሲቃና 2.44 ሜትር ይደርሳል። ጣሪያው 2.40 ከሆነ አራት ሴንቲ ሜትር ኮርኒስ ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ክፍል ውስጥ ራክ ቆሞ በቆመበት፣ ቋሚ በቋሚ ይገጠማል። ዘመዴ ፓይታጎረስን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያለፈው በኩረጃ ነበር፤ ኮራጁ ማን ላይ እንደኮረጀ ስለማውቅ ዝም አልኩ።

ጣሪያ የሚለካው ለራኩ ብቻም አይደለም። አንድ 1.75 የሚሆን ሰው ባሩን ከራሱ በላይ ሲያነሳ እጁ ወደ 2.10 ሜትር ይደርሳል። የትልቁ ዲስክ ስፋት 45 ሴንቲ ስለሆነ ግማሹ፣ 22.5 ሴንቲ፣ ከባሩ በላይ ይወጣል። አምፖልህን ቁጠር። ራኩ ላይ ተንጠልጥሎ መሳብ የሚወድ ሰውም ለጭንቅላቱ 30 ሴንቲ ያህል ይተው። በጎን ደግሞ የ2.20 ባር ግራና ቀኝ ዲስክ የምታስገባበት ቦታ ይፈልጋል፤ ከሦስት ሜትር የጠበበ ክፍል ዲስኩን ከግድግዳው ጋር ያደባድብሃል።

የቀረኝ መካሪ የሰፈሩ ብረት ገፊ ነበር። በር ላይ ቆሞ ሁሉን ሰምቷል። «እኛ በጣሳ ሲሚንቶ ነው ደረት ያወጣነው። ራክ የፈሪ ነው፤ ፈሪ ለናቱ!»

«እናቴም የምትፈልገው ይህንኑ ነው።»

«በሲሚንቶው ማን ሞተ?»

«ሲሚንቶው ሲወድቅብህ ትሳደባለህ። 90 ኪሎ ሲወድቅብህ ስድቡን ሌላ ሰው ይጨርስልሃል።»

ለሱም ሆነ ራክ ለመግዛት አቅሙ ላልደረሰ ሁሉ አንድ ነገር ልተውለት። ብቻህን ቤንች ስትሠራ ዲስኩን በክሊፕ አትቆልፈው። ሲከዳህ ባሩን ወደ አንድ ጎን አዘንብለህ ዲስኩን አፍስሰህ ትወጣለህ፤ ጣሪያና ወለል ይጮሃል፣ አንተ ግን ትተርፋለህ። አውራ ጣትህንም በባሩ ዙሪያ አጥብቀህ ቆልፍ፤ ካልቆለፍከው ባሩ ሾልኮ ደረትህ ላይ ይወድቃል። ክብደቱንም አጋዥ ሲኖር ጨምር።

አንባቢዬ፣ ከሱቅ ብትገዛም ከበያጅ ብታሠራም ብር ከመቁጠርህ በፊት ይህን አድርግ፦ ባሩን ጫን አድርገህ ሻጩ ፊት ሴፍቲው ላይ ጣለው፤ አንዴ በቀስታ፣ አንዴ ጠንከር አድርገህ። ዘንጉ ከጎበጠ፣ ቋሚው ከተወዛወዘ፣ ወይም ሻጩ «አይጣል፣ ቀለሙ ይፋቃል» ካለህ ብርህን ይዘህ ውጣ።